የቪላው ኮረብታና የዋንዛው ቅርንጫፍ

ሥነ ጥበብ የኅብረተሰብ ኑሮ ነጸብራቅ ነው የሚለው አባባል በየመድረኩ ከመደጋገሙ የተነሣ ክብደቱ ቀንሷል። ነጸብራቅ ሲባል መስታወት ይታሰባል፤ መስታወት ግን በራሱ አይቆምም፤ አንድ ሰው በአንድ ቦታ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ያቆመዋል። ከሥዕል ዓይነቶች ሁሉ ይህን እውነት ይበልጥ የሚያጎላው የመልክዓ ምድር ሥዕል ነው። በሥዕሉ ውስጥ ኮረብታው፣ ሐይቁ፣ ዛፉና ቤቱ ይታያሉ፤ ሠዓሊው የቆመበት ቦታ ግን አይታይም። የሚታየውን ሁሉ የሚወስነው ግን ያ የማይታየው ቦታ ነው። ከባላባቱ ሰገነት ላይ የታየ ማሳና ጎንበስ ብሎ በሚያርም ገበሬ ዐይን የታየ ማሳ፣ አፈሩ አንድ ቢሆንም፣ ሁለት የተለያዩ ማሳዎች ናቸው።

በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን የኢጣሊያን የገጠር ቪላዎች እያሳዩ የተሠሩት የውሃ ቀለም ሥዕሎች ለዚህ ጥያቄ የተመቹ ምስክሮች ናቸው። በመዠንግር ዞን፣ በመቲ ከተማ፣ በደን መካከል የሚያስተምር መምህር «ይህ ከእኔ ክፍል ጋር ምን ያገናኘዋል?» ቢል ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም አጭር ነው፤ ያ ዐይን በኢጣሊያ ኮረብታ ላይ አልቀረም። ባሕር ተሻግሮ ወደ ኢትዮጵያ ገብቷል፤ ዛሬም በተማሪ ደብተር ላይ ሳይታወቅ ይሠራል። ስለዚህ ከየት እንደ መጣ፣ ምን እንደሚያሳይና ምን እንደሚሰውር ማወቅ ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት የውጭ ታሪክ ዘመናት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሞ ማስታወስ ይገባል።

ከኮረብታው ላይ የታየ ምድር

በአማርኛ «ቪላ» የሚለው ቃል በከተማ ውስጥ ግቢ ያለውን ዘመናዊ መኖሪያ ቤት ያመለክታል። በጥንቱ የሮማውያን ቋንቋ ግን ትርጉሙ ሰፋ ያለ ነበር፤ የባለጸጋው የገጠር ቤት ከእርሻው፣ ከወይኑና ከወይራው፣ ብዙ ጊዜም ከሚያርሱለት ባሪያዎች ጋር ቪላ ይባል ነበር። በኋለኞቹ መቶ ዓመታት የኢጣሊያ መሳፍንትና የቤተ ክርስቲያን ሹማምንት ይህንኑ ልማድ አድሰው በየኮረብታው ላይ ማረፊያ ሠሩ። በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ የሰሜን አውሮፓ፣ በተለይም የእንግሊዝ የባለጸጎች ልጆች ትምህርታቸውን በኢጣሊያ ጉዞ መደምደም ልማድ አደረጉ። ከነርሱ አንዳንዶቹ የሚያዩትን በወረቀት ላይ የሚያስቀር ሠዓሊ ቀጥረው ይወስዱ ነበር። የውሃ ቀለም ለዚህ ተስማሚ ነበር፤ ዕቃው ቀላል ነው፤ ቀለሙ በቶሎ ይደርቃል፤ ወረቀቱ በሻንጣ ይታጠፋል።

እንግሊዛዊው ጆን ሮበርት ኮዘንስ (1752–1797) ከነዚህ ሠዓሊዎች መካከል ከፊተኞቹ አንዱ ነው። ኢጣሊያን ሁለት ጊዜ ጎብኝቷል፤ በ1776 ከሪቻርድ ፔይን ናይት ጋር፣ በ1782 ከዊልያም ቤክፎርድ ጋር ተጉዟል። ከሮማ በስተ ደቡብ የሚገኘውን የአልባኖ ሐይቅና በሐይቁ አፋፍ ላይ የተሠራውን የሮማ ሊቃነ ጳጳሳት የበጋ ማረፊያ፣ ካስቴል ጋንዶልፎን፣ ደጋግሞ ሥሏል። ሐይቁ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ስለሆነ ዙሪያው እንደ ጎድጓዳ ሳሕን ጠርዝ ከፍ ያለ ነው። ሠዓሊው ከዚያ ጠርዝ ላይ ቆሞ ቁልቁል ይመለከታል። ከቅርብ ጥቁር አረንጓዴ ዛፍ፣ ከመካከል ዝም ያለ ውሃ፣ ከማዶ ትንሽ ሆኖ ብቅ ያለው ማረፊያ፣ ከዚያ ወዲያ እየሳሳ ከሰማዩ ጋር የሚቀላቀል ሜዳ ይታያል።

በሙያ ዐይን ሲታይ ሥራው የሚደነቅ ነው። የውሃ ቀለም ብርሃንን የሚያገኘው ከነጭ ቀለም ሳይሆን ከወረቀቱ ከራሱ ነው። ሠዓሊው ብርሃን እንዲኖር የሚፈልግበትን ቦታ ሳይነካ ይተወዋል፤ ጨለማውን ግን ስስ ቀለም በስስ ቀለም ላይ እየደረበ ያመጣዋል። ስሕተት ቢሠራ እንደ ዘይት ቀለም በላዩ ቀብቶ ሊደብቀው አይችልም። ኮዘንስ በጥቂት ሰማያዊ፣ ግራጫና አረንጓዴ ብቻ ርቀትን፣ እርጥበትን፣ የምሽትን ዝምታ ጭምር ለማሳየት ችሏል። ከሞቱ በፊት አእምሮው ታምሞ በሐኪሙ በቶማስ መንሮ እጅ ሲጠበቅ ሳለ፣ ገና ወጣት የነበሩት ተርነርና ገርቲን በመንሮ ቤት ሥራዎቹን እየገለበጡ ተምረዋል። የእንግሊዝ የመልክዓ ምድር ሥዕል በከፊል ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ተነሣ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እንግዲህ ይህን ሥራ «የገዥ መደብ ጌጥ» ብሎ በአንድ ቃል ማሰናበት ኂስ አይሆንም፤ መፈክር ነው። መፈክር ሥዕሉን ሳያይ ሊፈርድ ይችላል፤ ኂስ ግን በወረቀቱ ላይ ያለውን ቀለም ሳይመረምር ሊፈርድ አይችልም። ሲመረመር ደግሞ የሚገኘው ነገር ከመፈክሩ ይበልጥ የከበደ ነው። በኮዘንስ ኮረብታ ላይ ያለው ዝምታ ከየት መጣ? የወይን ተክሉን የሚገርዝ፣ ውሃ የሚቀዳ፣ ድንጋይ የሚያነሣ ሰው ወዴት ሄደ? ሰው ካለም እረኛ ሆኖ፣ የዛፉን ትልቅነት ለመለካት ያህል፣ በእግሩ ሥር ጣል ተደርጓል። ምድሪቱ ማንም ሳይደክምባት እንዲሁ የተዋበች ትመስላለች። የቤክፎርድ ሀብት በጃማይካ ከነበሩት የሸንኮራ እርሻዎች፣ ማለትም ከአፍሪካውያን ባሪያዎች ጉልበት የመጣ መሆኑ ሲታወስ፣ ዝምታው ሌላ ትርጉም ይይዛል። ጉልበቱ ከሥዕሉ ውጭ፣ ከውቅያኖስ ማዶ ቀርቷል። ሥዕሉ አልዋሸም፤ ነገር ግን ያልዋሸው ሠዓሊው በቆመበት ኮረብታ ልክ ብቻ ነው።

ኮረብታው ወደ አክሱም ሲመጣ

ይህ የአተያይ ዘዴ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር እየተላለፈ ወደ ኢትዮጵያ የደረሰበት መንገድ በግልጽ ይታወቃል። ሪቻርድ ዊልሰን በ1750ዎቹ በኢጣሊያ ተቀምጦ የቪላና የፍርስራሽ መልክዓ ምድር መሣል ተማረ፤ ወደ እንግሊዝ ተመልሶም ጆዜፍ ፋሪንግተንን አስተማረ። ፋሪንግተን በበኩሉ በ1797 ወደ ሎንዶን የመጣውን ወጣቱን ሄንሪ ሶልትን አስተማረ። ሶልት ደግሞ በ1805 የሎርድ ቫለንሺያ ጸሓፊና ሠዓሊ ሆኖ ትግራይን ጎበኘ። በ1809 ያሳተመው የሃያ አራት ትልልቅ ሥዕሎች መድበል የሐበሻን አገር መልክዓ ምድር ለአውሮፓ አንባቢ ካስተዋወቁት ሥራዎች አንዱ ነው።

ከነዚህ መካከል የአክሱምን ሐውልት የሚያሳየው ሥዕል ለንጽጽር ይመቻል። ቁመቱ 21 ሜትር ያህል የሚሆነው ቆሞ የቀረው ሐውልት አለ፤ አጠገቡ ትልቁ የዋርካ ዛፍ ቅርንጫፉን ዘርግቷል፤ ሰዎቹ በግርጌው ትናንሽ ናቸው፤ ኮረብታዎቹ ከኋላ ለዘብ ብለዋል። ሶልት የሐውልቱን ቅርጽ በጥንቃቄ ለመያዝ መጣሩ ሊመሰገንበት ይገባል። ይሁንና አደራደሩ ከኢጣሊያ የመጣ ነው። በአልባኖ አፋፍ ላይ ማረፊያው የያዘውን ስፍራ እዚህ ሐውልቱ ይዞታል፤ እዚያ ጥድና ባሉጥ የሠሩትን ሥራ እዚህ ዋርካው ይሠራል፤ እረኛው ግን በሁለቱም ዘንድ ያው መለኪያ ነው። አክሱም ሕያው ከተማ መሆኗ፣ በዋርካው ሥር ገበያ፣ ዳኝነትና ትምህርት ሊኖር መቻሉ ከሥዕሉ አይነበብም። ተመልካቹ የሚያነበው ያለፈ ታላቅነትንና ዝምታን ነው። ዐይኑ አክሱምን ከማየቱ በፊት በቲቮሊና በአልባኖ ሠልጥኖ ነበርና።

በቍስቋም ግቢ የተሣለው ቅጠል

ከሶልት ሠላሳ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ ግን ሌላ ሠዓሊ፣ ያውም ኢጣሊያዊ፣ በሌላ መንገድ መጥቶ ነበር። ሉዊጂ ባሉጋኒ በ1737 በቦሎኛ ተወለደ፤ በዚያውም የሕንፃ ንድፍ ተማረ። በ1765 ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ቀጠረው፤ በሰሜን አፍሪካ የሮማውያንን ፍርስራሾች ሲሥል ቆይቶ፣ በ1769 በምፅዋ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገባ። በ1770 መጀመሪያ ላይ ሁለቱ ጎንደር ደረሱ። ፈንጣጣ በቤተ መንግሥት ገብቶ ነበርና ብሩስ የመኳንንቱን ልጆች እንዲያክም ወደ ቍስቋም ተጠራ።

ቍስቋም እቴጌ ምንትዋብ በ1730ዎቹ ከጎንደር ከተማ ወጣ ብሎ በደብረ ፀሐይ ተራራ ሥር ያሠራችው ግቢ ነው። ቤተ ክርስቲያን፣ አዳራሽ፣ መኖሪያ ቤትና ቅጥር ነበረው። በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያ ውስጥ ከኢጣሊያኑ የገጠር ቪላ ጋር ሊነጻጸር የሚችል ስፍራ ቢፈለግ ከቍስቋም የተሻለ አይገኝም፤ ከከተማ ሁከት ገለል ያለ፣ ከፍ ካለ ስፍራ ቁልቁል የሚያይ፣ የገዥዋን እመቤት ጣዕምና ኃይል የሚናገር ነው። ለአንድ የቦሎኛ ሠዓሊ ይህ ሁሉ የተለመደ ርእስ ነበር። ይሁንና ባሉጋኒ ከኢትዮጵያ የሚታወስበት ሥራ ሌላ ነው፤ ቆሶ፣ እንሰት፣ ጤፍ፣ ቁልቋል፣ ዋንዛ፣ ዋጊኖስ፣ ቀንጠፋ፣ እንዲሁም ወፎችና እንስሳት ናቸው።

በነዚህ ሥዕሎች ዘንድ ኮረብታው ጠፍቷል። ሠዓሊው አንድ ክንድ ከማይሞላ ርቀት ላይ ነው። ቅርንጫፉ በነጩ ወረቀት ላይ ይዘረጋል፤ የቅጠሉ ጅማት፣ የጠርዙ መከርከም፣ የአበባው አከፋፈት፣ የፍሬው ውስጥ ለየብቻ ይመረመራል። እንሰቱን በሙሉ ቁመቱ ያሳያል፤ ደግሞም የአበባውንና የፍሬውን ክፍል ነጥሎ ያቀርባል። የሕንፃ ንድፍ የተማረ እጅ መሆኑ ያስታውቃል፤ ተክሉን እንደ ሕንፃ፣ ምሰሶውን ከወራጁ ለይቶ ያነባል። ከዚህም በላይ የርእሶቹ ምርጫ አነጋጋሪ ነው። ጤፍ እንጀራ ነው፤ እንሰት የሚሊዮኖች ምግብ ነው፤ ቆሶ የኮሶ ትል መድኃኒት ነው፤ ዋጊኖስ የተቅማጥ መድኃኒት ነው። ኮዘንስ ከሥዕሉ ያስወጣው የሰው ጉልበትና ኑሮ፣ በባሉጋኒ ወረቀት ላይ በቅጠሉ በኩል ይመለሳል። ጤፍን እንደ ውብ ሣር ብቻ ማየት የሚቻለው እንጀራ በልቶ የማያውቅ ብቻ ነው።

ስለ ዋንዛ ብሩስ የጻፈው ቃል እዚህ ላይ ይጠቅማል። ክረምቱ ሲያልፍ ዋንዛው ያብባል፤ ያን ጊዜ ጎንደርና በዙሪያዋ ያሉት ከተሞች ነጭ በፍታ የለበሱ ወይም አዲስ በረዶ የወረደባቸው ይመስላሉ ሲል ገልጿል። ይህ መልክዓ ምድር ነው፤ ነገር ግን ከተራራ ቁልቁል የተለካ መልክዓ ምድር አይደለም። ሰዎች በየቤታቸው ዙሪያ ከተከሉትና ከጠበቁት ዛፍ፣ ከአንድ አበባ ተነሥቶ ከተማውን በሙሉ ያለበሰ መልክዓ ምድር ነው።

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለው ተረት ግን ለባሉጋኒ ዘግይቶ ነው የሠራለት። በ1770 ኅዳር ወር መግቢያ ላይ ብሩስ ወደ ግሽ ዓባይ ሲሄድ ባሉጋኒ አብሮት ነበር፤ በ1771 በጎንደር ሞተ። ብሩስ በ1790 አምስት ቅጽ መጽሐፉን ሲያሳትም ግን የሠዓሊው ድርሻ ደብዝዞ፣ በግሽ ጉዞው ላይ መኖሩም ተሰውሮ፣ ሥዕሎቹ የብሩስ የራሱ እጅ ሥራ መስለው ቀረቡ። ዝናው ለአንድ ሰው ብቻ እንዲተርፍ ተፈልጎ ነበርና። የቆሶን ዛፍ ለእንግሊዛዊው ባለጸጋ ለጆዜፍ ባንክስ መታሰቢያ ስም የሰጠ ሰው፣ ቆሶውን ለሣለው ለሟቹ ባልደረባው አንዲት መስመር ፊርማ ነፈገው። ዛሬ አብዛኞቹ ሥዕሎች በአሜሪካ፣ በኒው ሄቨን፣ በዬል ዩኒቨርሲቲ የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማእከል ውስጥ ይገኛሉ። በ1991 ፖል ሃልተን፣ ናይጀል ሄፐርና ኢብ ፍሪስ የተክል ሥዕሎቹን በባሉጋኒ ስም አሳተሙ፤ ሁለት መቶ ሃያ ዓመት ያህል የቆየ ዕዳ በዚህ መልክ በከፊል ተከፈለ።

በከፊል የተባለበት ምክንያት አለ። ቆሶው መቼ እንደሚለቀም፣ እንዴት እንደሚጠጣ፣ ዋጊኖስ የትኛው ክፍሉ እንደሚፈውስ ለእንግዶቹ የነገራቸው ሰው ነበር፤ በአበባው ወቅት ቅርንጫፉን ቆርጦ ያመጣም ሰው ነበር። የነርሱ ስም በየትኛውም ወረቀት ላይ የለም። ከነርሱ የቀረው ቆሶ፣ ዋንዛ፣ ጤፍ የሚለው ቃል ብቻ ነው። ቃሉ የሕዝቡ ፊርማ ነው ቢባል ያስኬዳል።

ሦስት ጎደሎዎች

በዚያው ዘመን በጎንደርና በጣና ደሴቶች የነበሩት ኢትዮጵያውያን ሠዓሊዎች ምን ይሠሩ ነበር? በእቴጌ ምንትዋብ ደጋፊነት ያበበው፣ ሊቃውንት «ሁለተኛው የጎንደር አሣሣል» የሚሉት ጥበብ፣ በናርጋ ሥላሴ ግድግዳ ላይ ዛሬም ይታያል። እቴጌይቱ ራሷ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ ተሥላለች። ፊቶቹ በጥላ ለስልሰዋል፤ ልብሶቹ በአበባ አጊጠዋል፤ ከኋላ ያለው ግን ከቢጫ ወደ ቀይ የሚሸጋገር ባዶ ቀለም ነው። ለታሪኩ ካላስፈለገ በቀር ተራራ የለም፤ ዛፍ የለም፤ አድማስም የለም። ሠዓሊው የሚገደው ለሰውና ለቅዱሱ ነው፤ ምድሪቱ ቦታ ለመያዝ ፈቃድ አላገኘችም።

እንግዲህ ሦስቱ ጎን ለጎን ሲቀርቡ የአንድ ዘመን ሦስት ጎደሎዎች ይታያሉ። በኢጣሊያው ቪላ ሥዕል ምድር አለ፤ ሰው የለም። በጎንደር ግድግዳ ላይ ሰው አለ፤ ምድር የለም። በባሉጋኒ ወረቀት ላይ ሰውንና ምድርን የሚያስተሳስረው ተክል አለ፤ ነገር ግን ከሥሩ ተነቅሎ፣ በነጭ ወረቀት ላይ ብቻውን ቀርቷል። ሦስቱም በየራሳቸው ድንቅ ናቸው፤ አንዳቸውም ግን ለብቻቸው አይበቁም። እነዚህን የማገናኘቱ ሥራ በ1950 ዓ.ም. በአለ ፈለገ ሰላም መሪነት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ከተከፈተ ወዲህ ለኢትዮጵያውያን ሠዓሊዎች የቀረበ ጥያቄ ነው፤ ገና ያልተመለሰባቸው ስፍራዎችም ብዙ ናቸው።

አድማስ በሌለበት ስፍራ

ከነዚህ ስፍራዎች አንዱ መቲ ነው። በከተማዋ ዙሪያ የጎደሬ ደን አለ፤ በደኑ ውስጥ ቡና ይበቅላል፤ ዋንዛና ቀረሮ ከፍ ብለው ቆመዋል። የመዠንግር ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ በንብ ማነብ ይታወቃል፤ ከግንድ የተፈለፈለ ቀፎ በረጅም ዛፍ ላይ ይሰቀላል፤ ዛፉም የሚታወቅ ባለቤት አለው። የመዠንግር ደን በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሰውና የሕይወታዊ ክልል መረብ ውስጥ ተመዝግቧል።

ይህ ደን በሥዕልም ሆነ በፎቶግራፍ ሲቀርብ ግን ብዙውን ጊዜ ከሩቅና ከከፍታ ይቀርባል፤ ማለቂያ የሌለው አረንጓዴ ምንጣፍ፣ ከላዩ ጉም፣ ከዚያ ወዲያ ሰማያዊ ተራራ። አልባኖ ወደ ጎደሬ መጣ ማለት ነው። ውበቱ አይካድም፤ አደጋው ግን ከሥነ ጥበብ መድረክ አልፎ ይሄዳል። ከሩቅ የታየ ደን ባለቤት የሌለው፣ ሰው ያልነካው፣ «ባዶ መሬት» ይመስላልና። በ2002 ዓ.ም. በጎደሬ ወረዳ ከ3,000 ሄክታር በላይ የሚሆን የደን መሬት ለሻይ ልማት በኪራይ ሲሰጥ የተነሣው ቅሬታና ክርክር መሠረቱ ይኸው ነበር፤ ለአንዱ ወገን በካርታ ላይ ያለ አረንጓዴ ቀለም፣ ለሌላው ወገን ቀፎ የተሰቀለበት፣ አባት ለልጅ ያወረሰው ዛፍ ነው። ሠዓሊ የኪራይ ውል አይፈርምም። ነገር ግን ውል የሚፈርመው ሰው ምድሪቱን የሚያይበትን ዐይን በማሠልጠን ረገድ ድርሻ አለው፤ ከዚህ ኃላፊነት በውበት ስም ሊሸሽ አይችልም።

ጉዳዩ የአሣሣል ስልትንም ይነካል። የቪላው ሥዕል አደራደር ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል፤ ከፍ ያለ መቆሚያ፣ ከፊት የተከፈተ ሜዳ፣ በስተ መጨረሻ የአድማስ መስመር። በጎደሬ ደን ውስጥ የቆመ ሰው ሦስቱንም አያገኝም። ወደ ኋላ ልራቅ ቢል ግንድ ያግደዋል። አድማስ የለም፤ ብርሃን የሚመጣው ከጎን ሳይሆን ከላይ በቅጠሎች መካከል ተሰንጥቆ ነው። ርቀት በቀለም መሳሳት አይታወቅም፤ ምክንያቱም ከሃያ እርምጃ በኋላ የሚታይ ነገር ጥቂት ነው። ርቀትን የሚነግረው ድምፅ ነው፤ የንብ፣ የወፍ፣ የመጥረቢያ። እርጥበቱም ለውሃ ቀለም የራሱን ሕግ ያወጣል፤ በክረምት ቀለሙ በቶሎ አይደርቅም፤ ሠዓሊው በደረቅ አየር የተማረውን የመደራረብ ስልት ትቶ፣ እርጥብ በእርጥብ ላይ እንዲፈስስ መፍቀድ ይኖርበታል። ስለዚህ የመቲ ሠዓሊ ኮዘንስን ቢገለብጥ ውጤቱ ሐሰት የሚሆነው ባዕድ ስለገለበጠ አይደለም፤ ምድሪቱ ራሷ ያን አደራደር ስለማትቀበል ነው።

በትምህርት ቤት የሚታየው ነገር ይህንኑ ያጠናክራል። በየትኛውም የኢትዮጵያ ክፍል ሕፃን «ሥዕል ሣል» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚሥለው አንድ ነው፤ ሁለት ሾጣጣ ተራሮች፣ በመካከላቸው ፀሐይ፣ ከሥር ጎጆ፣ ከጎጆው አጠገብ ወንዝ። ተራራው የየትኛው አገር እንደ ሆነ አይታወቅም፤ ጎጆው የማን እንደ ሆነ አይታወቅም፤ ዛፉም ስም የለውም። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደሚባለው ነው። ልጁ ከመስኮቱ ውጭ የማያየውን ይሥላል፤ በመስኮቱ በኩል ቅርንጫፉን የሚያስገባውን ዋንዛ ግን አያየውም። ይህ የልጁ ጥፋት ሊባል አይችልም። ከተራራ ቁልቁል ማየት ብቻ ሥዕል ነው ብሎ ሳያውቀው የወረሰው ዐይን ነው።

መፍትሔው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። መምህሩ አንድ የዋንዛ ቅርንጫፍ በጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥ፤ ተማሪው ቅጠሉን እስከ ጅማቱ ይሣለው። ይህ የባሉጋኒ ትምህርት ነው። ቀጥሎ ተማሪው የዛፉን ስም በመዠንግርኛም በአማርኛም ከሥሩ ይጻፍ፤ ስሙን የነገረውን ሽማግሌ ወይም እናት ስም አብሮ ያስፍር። ይህ ባሉጋኒ ያልሠራው ትምህርት ነው። ከዚያም ቅርንጫፉ ወደ ዛፉ ይመለስ፤ ዛፉ ላይ ቀፎው፣ ቀፎው ሥር ሲወጣ ያለው ሰው፣ በሰውየው ዙሪያ ደኑ ይሣል። ይህ ከኮዘንስ የብርሃን ጥበብ፣ ከጎንደር ሠዓሊዎች ደግሞ ሰውን በመካከል የማቆም ልማድ የሚወሰድበት ስፍራ ነው። በመጨረሻም ተማሪው ሥዕሉ ላይ የራሱን ስም ይጻፍ። ስሙን የተነጠቀ ሠዓሊ ታሪክ ካስተማረ ቢያንስ ይህን ማስተማር አለበት።

የባህል ተቋማትም ድርሻ አላቸው። ከኢትዮጵያ ምድር ተክል የተሠሩት የባሉጋኒ ሥዕሎች ከአገር ውጭ ይኖራሉ፤ ታማኝ የሕትመት ቅጂዎቻቸው ግን በክልል ቤተ መጻሕፍትና በመምህራን ማሠልጠኛዎች ውስጥ የማይገኙበት በቂ ምክንያት የለም። የጎንደር ልጅ የቆሶውን፣ የመቲ ልጅ የዋንዛውን ሥዕል ዐይቶ ከደጁ ካለው ዛፍ ጋር ቢያነጻጽር፣ ከዐሥር የሥነ ጥበብ ንግግር ይልቅ ይማራል። ሠዓሊው የት ተሳስቷል፣ የቱን ትክክል አይቷል ብሎ ለመፍረድ ከልጁ የተሻለ ዳኛ አይኖርም፤ ዛፉን ያውቀዋልና።

የአልባኖ ኮረብታ ከሩቅ ማየት ምን ያህል ውብ ሊሆን እንደሚችል አስተምሯል፤ ይህ ትምህርት ይወሰድ። የቍስቋም ወረቀት በቅርብ ማየት ምን ያህል ታማኝ ሊሆን እንደሚችል አስተምሯል፤ ይህም ይወሰድ። ከውስጥ ሆኖ ማየትን፣ ዛፉን ከቀፎው፣ ቀፎውን ከባለቤቱ ሳይለዩ መሣልን ግን ከሁለቱ አንዱም አላስተማረም። እርሱን ማስተማር የሚችሉት በደኑ ውስጥ የሚኖሩት ናቸው።